ፎጣው የደረቀ ሰሞን

ረስቼው ነው ወይስ ትቼው?

ኪኑኤ ፎጣውን በሁለት እጇ እንደያዘች ሰሌኑ ላይ ተንበርክካ ቀረች። ፎጣው ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ጓዳ ውስጥ ጎረቤቷ ቶኩዬ የኮመጠጠ ጎመን እየከተፈች ነው። ዛሬ የልጇ የሴይጎ ሁለተኛ ሰባት ነው፤ ካረፈ አሥራ አራት ቀኑ። መነኩሴው ለጸሎት ሊደርስ ነው፣ የልጅ ልጇም ከናጎያ በባቡር እየመጣች ነው፣ እሷ ግን ከተንበረከከችበት መነሣት አቃታት።

ሴይጎ ሳይጨርሰው የሄደው ጊታር ከፎቶግራፉና አስከሬኑ ተቃጥሎ የቀረው አጽሙ ካለበት፣ በነጭ ጨርቅ ከተጠቀለለው ሳጥን አጠገብ ቆሟል። ገና ቫርኒሽ አልነካውም፤ እንደተላገ ነጭ ነው። ደረቱ ላይ፣ ከክሮቹ ማሰሪያ ሥር እስከ ታችኛው ጠርዝ፣ ፀጉር የመሰለ መስመር ወርዷል። መጀመሪያ እውነትም ፀጉር መስሏት በጣቷ ልታነሣው ሞክራ ነበር። አልተነሣም።

የማትሱሞቶ ከተማ የበረዶ ወር አየር ደረቅ ነው፤ ከንፈርም እንጨትም ይሰነጥቃል። ስለዚህ ጊታር የሚሠራ ሰው ባለበት ቤት የላምባ ምድጃ በተለኮሰ ቁጥር ላዩ ላይ ማንቆርቆሪያ ይጣዳል፣ አጠገቡ እርጥብ ፎጣ ይሰቀላል፤ ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። ኪኑኤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን አጓድላ አታውቅም። ትኩሳት ይዟት እንኳ በአራት እግሯ ሄዳ ፎጣ የሰቀለች ሴት ናት። ማንቆርቆሪያውስ ለእንግዳ ሻይ ተብሎ ወደ ጓዳ ከገባ ሰንብቷል፤ የእሱ ምክንያት ይታወቃል። ምክንያት ያልተገኘለት የፎጣው ነው።

ወይም ምክንያቱ ማክሰኞ የተደወለው ስልክ ነው።

ናጊሳ ነበረች፣ የሴይጎ አንድ ልጅ። እናቷ በጨቅላነቷ ትታት ስለሄደች ያሳደገቻት ኪኑኤ ናት። ለሽኝቱ መጥታ ወደ መሥሪያ ቤቷ ስትመለስ ጊታሩን ከቀዝቃዛው ወርክሾፕ አውጥታ አባቷ አጠገብ ያቆመችው እሷው ነች።

“አያቴ፣ ሥራዬን ለቀቅኩ።”

“ምን ሆነሽ? ሰው አስቀየመሽ?”

“ማንም አላስቀየመኝ። የአባባን ጊታር ልጨርሰው ነው። ከዚያም ሌላ እሠራለሁ።”

ኪኑኤ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረች። “ወርክሾፑ እኮ ብርድ ነው።”

“ምድጃ አለው።”

“እራት በልተሻል?”

“በልቻለሁ። ፎጣውን ብቻ አደራ፣ አያቴ። ጠዋት ማታ።”

“እሺ” ብላ ነበር። አደራውን ተቀብላለች። ረቡዕ ጠዋት ሰቅላዋለች፤ እሱን ታስታውሳለች። ማታውንስ? ሐሙስስ? አእምሮዋን ብትበረብር፣ በምድጃው አጠገብ ስታልፍ ፎጣውን ያየችው ይመስላታል። ማየት ግን ማርጠብ አይደለም።

ከውጭ የእግር ኮቴ ሲሰማ ደነገጠች። ምን እያደረገች እንደሆነ ሳታስበው ፎጣውን ሽቦው ላይ መልሳ ጊታሩን አዙራ ፊቱን ወደ ግድግዳ አደረገችው።

መነኩሴው መጥቶ ጸልዮ ሄደ። ጎረቤት ገባ፣ ዕጣን ለኮሰ፣ ሻይ ጠጣ፣ ወጣ። ከወረቀቱ በር ወዲያ የቶኩዬ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሰማል። የወረቀት በር ሐሜት አይደብቅም።

“ሳንባውን ያ የእንጨት ብናኝ ነው የበላው። ሐኪሙ ‘ማስክ አድርግ’ ብሎት፣ እምቢ አለ አሉ።”

“ልጅቷም እዚያው ልትገባ ነው የሚባለው እውነት ነው?”

“አያትየው በሕይወት እያለች? እንጃ።”

ማስኩንስ ኪኑኤ በየወሩ ትገዛለት ነበር። በር ላይ ካለው የጫማ ሣጥን ውስጥ ሳይከፈቱ የተደረደሩ አሉ። ሴይጎ ይስቅባት ነበር። “እማዬ፣ እንጨት እኮ ሲላግ በጠረኑ ነው የሚናገረው። አፍንጫዬን ከዘጋሽው ምኑን ሰማሁት?”

ሴይጎን እንዲህ ያደረገው አንድ ጊታር ነው። አንድ ሽማግሌ ለጥገና ያመጡት፣ ሰማንያ ዓመት ያለፈው፣ ወገቡ ቀጭን፣ ትንሽዬ የውጭ አገር ጊታር። ሴይጎ እንደ ጥርስ ሐኪም ትንሽ መስታወትና መብራት እያስገባ ሆዱን ሲመረምር አንድ የበረዶ ወር አለፈ። የውስጥ ርብራቦቹ እንደ ወፍ አጥንት ሳስተው የተቀረጹ ነበሩ፤ ሁሉም የተያያዘው በከብት ቆዳ ሙጫ። አንድ ቀን ምሳውን ትቶ ወደ ጓዳ መጣና “እማዬ፣ ያኔ የሠሩት ሰዎች አልፈሩም” አላት። “እኛ እንዳይሰበር ብለን እናወፍረዋለን። የፈራ ሰው የሠራው ጊታር አይሰበርም፤ ግን አይናገርም።”

ከዚያ ወዲያ ሌላ ቅርጽ አልሠራም። በዓመት ሦስት፣ ቢበዛ አራት። ሳንቃውን ወደ ጆሮው አስጠግቶ በጣቱ መገጣጠሚያ ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ትንሽ ይልጋል፤ ደግሞ ኳ ኳ። ኪኑኤ ጓዳ ሆና ሁለት ነገር ትሰማ ነበር፤ ኳኳታውንና ሳሉን። ኳኳታውን ለእሱ ትታ ሳሉን ትቆጥር ነበር።

ናጊሳ ስትደርስ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ቶኩዬና የእንጨት ነጋዴው ካንቤ ነበሩ። ካንቤ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሴይጎ ለዚህ ጊታር የላገውን የሰሜኑን ደሴት ጥድ ከመጋዘናቸው ያወጡለት እሳቸው ናቸው።

“ሃያ ዓመት ምርጥ ምርጡን ሳንቃ ሲወስድብኝ ዝም አልኩት” አሉ ወደ ፎቶው እያዩ። “አሁን ደግሞ ተራዬንም ወሰደብኝ። እንደሱ ያለ ስግብግብ ደንበኛ አላየሁም።”

ቶኩዬ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ካንቤም ዓይናቸውን በመዳፋቸው አበሱና ዞር አሉ።

“ምነው ይሄ ጊታር ጀርባውን ሰጠን? ተቀይሞናል እንዴ?” አሉ።

ኪኑኤ የሻይ ብርጭቆ ልታነሣ እጇን ዘረጋች፤ ያነሣችው ግን ባዶውን ነበር። ናጊሳ ኮቷን ሳታወልቅ ሄዳ ጊታሩን አዞረችው።

አውራ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አወረደችው። ከዚያ ምድጃውን አየች። ማንቆርቆሪያ የለም። ሽቦው ላይ የተሰቀለው ፎጣ ከበሰለ ቂጣ ይልቅ ይደርቃል።

“አያቴ። ረስተሽው ነው?”

“በዚህ ሁሉ እንግዳ መሃል ማን ፎጣ ያስታውሳል፣ ልጄ” አለች ቶኩዬ ፈጥና። “እህል እንኳ በአፏ አልዞረም።”

መውጫ በር ተከፍቶላት ነበር። ኪኑኤ ወደዚያ በር አየችና አልወጣችበትም።

“እንጃ” አለች። “እውነቴን ነው ናጊሳ። ራሴን ከጠዋት ጀምሮ እየጠየቅሁ ነው።”

“እንጃ ማለት ምን ማለት ነው?”

“ማክሰኞ ስትደውዪ… እሺ አልኩሽ። እሺ ያለው አፌ ነው።” ድምፅዋ ቀጠነ። “የአባትሽን ሳል አሥራ አንድ ዓመት ቆጥሬያለሁ። ያንቺን ልቆጥር አልችልም።”

ናጊሳ ጊታሩን እንደታመመ ልጅ አቅፋ ቆማለች። የተቆጣች ጊዜ እንደ አባቷ ጆሮዋ ይቀላል፤ አሁን ቀልቷል።

ካንቤ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና መነጽራቸውን አድርገው ስንጥቁን አዩ። ረዥም ጊዜ አዩት።

“አልሞተም” አሉ። “የተጠማ እንጨት ነው። ውሃ ግን አታጠጪውም፤ እርጥብ አየር ነው የምትሰጪው። አጠገቡ እርጥብ ፎጣ ይሰቀል፣ እየተቀያየረ፣ ሦስት አራት ቀን። ከንፈሩን ራሱ ይገጥማል። ሙጫው ከዚያ በኋላ ነው። ቸኩሎ ሙጫ ያፈሰሰ ሰው ስንጥቁን አጽንቶ ነው የሚያስቀረው።”

“ጠባሳው ይቀራል?”

“ይቀራል እንጂ። ይናገራል ወይ ብለሽ ጠይቂኝ፣ ይናገራል።”

ናጊሳ ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቀለለችው። አያቷን ሳታይ ጫማዋን አጠለቀች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች፤ ምክንያቱም በዚህ ቤት ሳይናገሩ መውጣት የለም። የኪኑኤ ባል አንድ የበረዶ ጠዋት ሳይናገር ወጥቶ ሳይመለስ ከቀረ ወዲህ ሕጉ ይኸው ነው፤ የሚወጣ “ሄጄ መጣሁ” ይላል፣ የሚቀር “በደህና ተመለስ” ይላል። ሴይጎ ግቢውን አቋርጦ ወርክሾፕ ለመግባት፣ ለአሥራ ሁለት እርምጃ መንገድ፣ በቀን አምስት ጊዜ ይለው ነበር።

“ሄጄ መጣሁ” አለች ናጊሳ። ድምፅዋ ከውጭው በረዶ ይቀዘቅዛል።

“በደህና…” አለች ኪኑኤ። በሩ ተንሸራቶ ተዘጋ።

ቶኩዬና ካንቤም ተሰናብተው ሄዱ። በመስኮቱ በኩል የወርክሾፑ መብራት ሲበራ ታየ። ከጣሪያው የምድጃ ጭስ ሽቅብ ወጣ። አሁን ምድጃው ተለኩሷል፤ እዚያ ማዶ ፎጣ የለም።

ኪኑኤ ሴይጎን አሰበች፤ አምቡላንሱ የመጣ ቀን። አፉና አፍንጫው በኦክስጅን ማስክ ተሸፍኖ በዚህ በር አወጡት። ያ እምቢ ሲለው የኖረው ማስክ። ዓይኑ እሷን ፈለገ። መናገር ስላልቻለ እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥቶ የበሩን መቃን በጣቱ መገጣጠሚያ ሁለቴ መታው። ኳ፣ ኳ። ያኔ “ሄጄ መጣሁ” ማለቱ እንደሆነ ሳይገባት፣ መልስ ሳትሰጠው በሩን ዘጉባት።

ተነሣች። ሦስት ፎጣ ከቁም ሣጥን አወጣች፤ አንደኛው ለእንግዳ የተቀመጠ አዲስ ነው። ሁሉንም ቧንቧ ሥር አርጥባ፣ ጣቶቿ ደም እስኪርቃቸው ጨመቀቻቸው። ማንቆርቆሪያውን ሞላች። የቤቱን ምድጃ አጠፋች፤ ሁልጊዜ ሦስቴ ተመልሳ ታየው ነበር፣ ዛሬ አንዴ ብቻ አየችው። ከጫማ ሣጥኑ ውስጥ አንድ ያልተከፈተ የማስክ ካርቶን መዝዛ በብብቷ ሸጎጠች።

ደጃፉ ላይ ቆማ ወደ ፎቶው ዞረች። አፏን ከፈተች። ቤቱ ውስጥ “በደህና ተመለሽ” የሚል የለም።

ፎጣዎቹንና ማንቆርቆሪያውን ወደ ግራ እጇ አዛወረች፤ በቀኝ እጇ ጣት መገጣጠሚያ መቃኑን ሁለቴ መታችና ምንም ሳትናገር ወጣች።