የሰብሪያ ካሮት

ሰብሪያ በካሮቷ የታወቀች ሴት ናት። ኮምቦልቻ ዳር ካለው ማሳዋ ነቅላ፣ ወንዙ መታጠፊያ ላይ ፈትጋ አጥባ፣ ደሴ ወጥታ ሆጤ ገበያ ስትዘረጋው ዓይን ይስባል። የሌላው ካሮት ከነአፈሩ ተጋድሞ ገዥ ሲለምን የእሷ በጧት ያልቃል። «ጭቃ መሸጥ ነውር ነው» ትላለች፣ አጠገቧ የምትሸጠው ሙና እየሰማች። ለገዥዋ ልጅ ደግሞ አንዷን መርጣ ለምርቃት ታስይዛለች፤ ልጅም እዚያው ጥሬዋን ይቆረጥማል።

የወንድሟ ልጅ ኢንሻራህ ለዩኒቨርሲቲ ጥናቷ ከውሃ ጉድጓዱም፣ ከወንዙም፣ ከካሮቱም ናሙና ስትወስድ ከረመች። ዛሬ የናሙና ዕቃ ሳትይዝ መጥታ አክስቷ ካሮት የምታጥብበት ወንዝ ዳር ተቀመጠች።

«አክስቴ፣ ማሳዎን የሚያጠጡበት ጉድጓድ ደህና ነው። ካሮቱ የሚበከለው እዚህ ሲታጠብ ነው። የከተማው ፍሳሽ ከበላያችን ይገባል፤ የየማሳው ማዳበሪያና ፍግም ታጥቦ ይወርድበታል።»

ሰብሪያ እጇን ከውሃው አላወጣችም። «ታጥቦ ቆሸሸ ሲባል ገና ዛሬ ሰማሁ! ይኸን ልትነግሪኝ ነው አንች ይኸን ሁሉ ዘመን የተማርሽ?»

«መሣሪያው ነው ያሳየኝ።»

«መሣሪያሽ ካሮት በልቶ ያውቃል?»

ኢንሻራህ አልሳቀችም። «የሚበሉትስ ልጆች ናቸው» አለች።

የቀትሩ ሶላት፣ የዙህር አዛን ተሰማ። ሰብሪያ ተነስታ ከግራሩ ሥር ማንቆርቆሪያዋን አነሳች። የወንዙ ሽታ ከተለወጠ ወዲህ ከሶላት በፊት ለምትታጠበው ዉዱእ የቧንቧ ውሃ ከቤቷ ይዛ ነው የምትመጣ። ልትጉመጠመጥ እፍኟን ወደ አፏ ስታደርስ ልጅቱን አየቻት። ኢንሻራህ ማንቆርቆሪያውን አየች፤ ከዚያ ወንዙን።

ውሃው ከሰብሪያ እፍኝ ፈሶ አለቀ።

«አሏህ ይቅር ይበለኝ» አለች ቀስ ብላ። «ለሶላቴ የተጠየፍሁትን ለሰው ልጅ ሳጎርስ ኖሬያለሁ።»

ግንባሯን መሬት ካስነካችበት ሱጁድ ቶሎ አልተነሳችም። ሰግዳ ስትጨርስ የታጠበውን ካሮት መሬት ቆፍራ ቀበረችው።

በማግስቱ ሆጤ ላይ ካሮቷን ከነአፈሩ ዘረጋች። ሙና አላለፈቻትም፦ «ሰብሪያ! ጭቃ መሸጥ ነውር ነው ስትይ አልነበር?»

«አፈሩ የማሳዬ ነው። ሳጥብበት የነበረው ግን የማን እድፍ እንደሆነ አላውቅም።»

የለመዷት ገዥዎች አየት እያደረጉ አለፉ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ክምሩ ገና እንዳለ ነበር። አንዲት ደንበኛዋ ብቻ ቅር እያላት ገዛች፤ ትንሿ ልጇ እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች። ሰብሪያ አንዷን ካሮት መረጠች። ልትሰጣት ብላ ተወችና፣ የዉዱእ ማንቆርቆሪያዋን ከጀርባዋ ስባ፣ ውሃውን ሳትሰስት አጠበችላት።