የተተኮሰው መጽሐፍ

ከሊፋ ሞጣ ገበያ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቁ ልብስ መስፋት ከጀመረ ወዲህ ሳይተኩስ ያስረከበው ነገር የለም። የተቀዳደደ ጆንያ ጠግንልን ብለው ቢያመጡለት እንኳ ጠግኖ፣ ውኃ በአፉ ይዞ እፍ ብሎበት፣ በከሰል ካውያው ተኩሶና አጥፎ ነው የሚሰጣቸው። ደንበኞቹ ይስቁበታል። ሚስቱ ዓሊማም "አንድ ቀን እኔንም ትተኩሰኛለህ" እያለች ታሾፍበታለች። እሱ ግን በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ከእጁ የሚወጣ ነገር ተጨማዶ ከታየ ሰው ሁሉ ስለ እሱ የሚያወራ ይመስለዋል።

እንግዲህ የሀኒያን መጽሐፍ የተኮሰው ይህ ሰው ነው።

ሀኒያ የከሊፋና የዓሊማ አንድያ ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ አያይም። ሕፃን ሳለች ኩፍኝ ይዟት ተነሣች፤ ከዚያ በኋላ ነው ብርሃኗ የደከመው። መጀመሪያ የጠፋባት ትንንሹ ነገር ነበር። ከአባቷ እግር ሥር የወደቀውን የሸሚዝ ቁልፍ እየለቀመች ትሰጠው የነበረችው ልጅ ቁልፉን ማየት አቃታት። ቀጥሎ የእናቷ ፊት ጠፋ፤ በመጨረሻ በሩም መስኮቱም። ያን ጊዜ ብዙ ሰው "ምን ታደርጋላችሁ፣ ቤት ትቀመጥ" ብሎ መክሯቸዋል። መካሪ መቼም አይጠፋም።

ዘንድሮ ግን ክረምቱ ሲገባ ብቸና፣ አክስቷ ሲሃም ዘንድ ላኳት። እዚያ መምህር ገብረ ክርስቶስ የሚባሉ፣ ራሳቸውም ዓይነ ስውር የሆኑ ሰው፣ ማየት ለተሳናቸው ልጆች ብሬል ያስተምራሉ። ሀኒያ ፊደሉን እንደ ቆሎ ቃመችው። መስከረም ሲጠባ እዚያው አንደኛ ክፍል እንድትገባ ተነጋገሩና፣ እስከዚያ እንዳትረሳው መምህሩ በእጃቸው የሠሩትን መጽሐፍ አውሰው ወደ ሞጣ ሸኟት።

መጽሐፉ ጉድ ነው። ገጾቹ ከወፍራም አቡጀዲ የተሰፉ ናቸው። አንዱ ገጽ ላይ የበግ ጠጉር፣ አንዱ ላይ ቁራጭ ቆዳ፣ አንዱ ላይ የዶሮ ላባ ተሰፍቶበታል፤ ከእያንዳንዱ ሥር ደግሞ በጠንካራ ወረቀት ላይ የተወጋ የብሬል ጽሑፍ አለ። ዝናብ የመጣባት ጫጩት መጠለያ ፍለጋ በየበረቱ ስትዞር የሚያወራ ተረት ነው። በቀለም የተጻፈ አንድ ቃል የለበትም። ስለዚህ በዚያ ቤት ውስጥ መጽሐፉን ማንበብ የምትችለው ሀኒያ ብቻ ነበረች። ማታ ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አባትና እናት ፊቷ ቁጭ ይላሉ፤ እሷ ጣቷን እያስኬደች ታነብላቸዋለች። የመጀመሪያው ቀን ከሊፋ እንባው መጣበትና ከሰል ፈላጊ መስሎ ወደ ውጭ ወጣ። ቤት ትቀመጥ የተባለችው ልጁ ለእሱ ስታነብለት መስማት ከአቅሙ በላይ ሆነበት።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ሀኒያን ጉንፋን ይዟት ተኛች። ከሊፋ ያን ቀን መጽሐፉን አገላብጦ አየው። ብዙ እጅ አሽቶት ተጨማዷል። የሰው ዕቃ ነው፤ በቅርቡ ይመለሳል። ከሰሉን አቀጣጠለ፣ ውኃውን እፍ አለበት፣ ጠጉሩና ላባው እንዳይቃጠል እየተጠነቀቀ ገጽ በገጽ ተኮሰው። ሲጨርስ መጽሐፉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደስ አለው።

ሀኒያ ሲሻላት መጽሐፏን ጠየቀች። ገለጠችው። ጣቷ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

"አባዬ፣ ፊደሉ የለም።"

ከሊፋ ጎንበስ ብሎ አየ። ነጥቦቹ በየረድፋቸው ተደርድረዋል። "አለ እኮ ልጄ፣ ይኸው ይታየኛል" አለና ጣቷን ይዞ ነጥቦቹ ላይ አስቀመጠላት።

"አይሰማኝም።"

"ጠጉሩስ?"

"ጠጉሩ ይሰማኛል። ትንንሾቹ ናቸው የጠፉት።"

ዓሊማ ጓዳ ሆና ሰማችው። ወጥታ ባሏን አየችው፤ እሱም አያት። ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነው። ያኔም ዓይኗን የጀመራት ከትንንሹ ነበር።

ካውያውን አንዳቸውም አላሰቡትም። ምን ሲሉ ያስቡታል? በቀለም የተጻፈ መጽሐፍ ቀኑን ሙሉ ቢተኮስ አንድ ቃል አይጎድልበትም። ለሚያይ ሰው ነጥብ የሚታይ ነገር ነው፤ ከታየ አለ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ቤት አልሆን አለ። ዓሊማ ጠዋትና ማታ የልጅቷን ጣቶች በጥቁር አዝሙድ ዘይት እያሸች ዱዓ ታደርጋለች። ሀኒያ ደግሞ ነገር መንካት ተወች። ግድግዳ ሳትይዝ እየተደናቀፈች ትሄዳለች፤ እጆቿን ሻርፗ ሥር ደብቃ ትውላለች። እናቷ ብትጠይቃት "የቀረኝን እየቆጠብኩ ነው እማዬ፤ ብዙ ከነካሁበት ቶሎ ያልቃል" አለች። ዓሊማ ይህን ከሰማች በኋላ ስለ ትምህርት ቤት ማንም እንዲያነሣባት አልፈለገችም። "አታንገላታት፤ ከእኔ ጋር ትቅር" አለች። ከሊፋም መጽሐፉን በጨርቅ ጠቀለለው።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ዕለት ልጁንም መጽሐፉንም ይዞ ሚኒባስ ተሳፈረ። መጽሐፉን አመስግኖ ሊመልስ፣ ልጅቷ አትገባም ሊል ነው። እንዲያም ሆኖ ልቡ ውስጥ፣ መምህሩ ምናልባት መላ ያውቁ ይሆናል የምትል ነገር ነበረች፤ ሀኒያን ይዟት የሄደው ስለዚህች ነገር ነው። እስከ ብቸና ድረስ እጇን ሊይዝ ቢፈልግም አልሰጠችውም።

ሲሃም መናኸሪያው ድረስ መጥታ ተቀበለቻቸው። ትምህርት ቤቱ ሲደርሱ ሀኒያን ይዛ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጠች፤ ከሊፋ ብቻውን ወደ ክፍሉ ገባ። መምህር ገብረ ክርስቶስ ድምፁን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው ተነሡ። እሱ ግን ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ የሆነውን ሁሉ ዘረገፈው።

"መምህር፣ ጣቷ እምቢ አለ። አላህ ይስጥልኝ፣ ደክመውባት ነበር። መጽሐፍዎን ተቀበሉኝ።"

"የጣቷ ጫፍ ቆስሏል?"

"የለም።"

"ሙቅና ቀዝቃዛ ትለያለች?"

"ትለያለች። ጠጉሩንም ላባውንም ትለያለች። ፊደሉ ነው የጠፋት።"

መምህሩ መጽሐፉን ተቀብለው አቡጀዲውን ዳበሱትና ግራ ገባቸው። "ይሄ መጽሐፍ ሲሄድ እንዲህ አልነበረም።"

ከሊፋ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል እንኳ የሙያ ኩራቱ አልተወውም። "ኧረ መምህር፣ ተጨማዶ እንዴት እመልስልዎታለሁ? ተኩሼዋለሁ። ጠጉሩን ተጠንቅቄ ነው፤ ወረቀቱን ግን ደህና አድርጌ ተጭኜዋለሁ።"

የመምህሩ ጣቶች በወረቀቶቹ ላይ አንድ በአንድ አለፉ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከሊፋ የሚያለቅሱ መስሎት ደነገጠ። እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር።

"አቶ ከሊፋ፣ እኔም ማንበብ አልቻልኩም።"

"እርስዎም?"

"እኔም። ዕድሜዬን ሙሉ ያነበብኩበት ጣት ነው፤ ከዚህ ወረቀት አንድ ፊደል አላገኘም። የእኛ ፊደል ጉብታ ነው። እርስዎ በካውያ ደፍጥጠው አስተኙት።"

"ኧረ ይታየኛል መምህር!"

"እርስዎ ይታይዎታል። እኛ በሚታይ ነገር ምን እናደርጋለን?"

ከሊፋ የልጆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። እፍረቱ፣ ደስታው፣ በከንቱ ያለቀሰው ለቅሶ ሁሉ ባንዴ መጣበት። "ደህና ናት ማለት ነው?" አለ፤ መልስም አልጠበቀም፤ ሊነግራት ብድግ ብሎ ወደ በሩ ሮጠ።

"ቆዩ!" አሉ መምህሩ። "እርስዎ ቢነግሯት ሊያጽናኗት የዋሹ ይመስላታል። ራሷ ታንብበው።"

ጠንካራ ወረቀት በብሬል ሰሌዳቸው ላይ አስይዘው በመውጊያው ጠቅ ጠቅ ያደርጉት ጀመር። ከሊፋ አጎንብሶ ሲያይ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚወጉት። "እንደ ቁርኣን ከቀኝ ነው እንዴ?" አለ። "ስንጽፍ ከቀኝ፤ ገልብጠን ስናነብ ከግራ" አሉት። ምን እንደጻፉ አልነገሩትም።

ሀኒያ አክስቷን ተደግፋ ገባች። እጆቿ ሻርፗ ሥር ናቸው። መምህሩ አልተቆጧትም፤ "ሀኒያ፣ አንድ ጣት ብቻ አውሺኝ፤ ወዲያው እመልስልሻለሁ" አሏት። ትንሽ አሰበች። ከዚያ አንዲት ጣት ከሻርፑ ሥር ወጣች። ወረቀቱ ላይ ስታርፍ የልጅቷ ቅንድብ ከፍ አለ።

"አ... ባ... ት... ሽ።"

ከሊፋ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለ።

"አባትሽ... መጽሐፉን... ተ... ኮ... ሰው።" ግንባሯን ቋጠረች። ሁለተኛው መስመር ላይ ደረሰች። "ጣ... ት... ሽ..." ጣቷ ቆመ። ከሊፋ አሁንም እዚህ ላይ የሚጠፋባት መሰለው። ጣቷ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ሄደ። "ደ... ህ... ና... ነው።"

ሀኒያ ሁለተኛ አነበበችው። በሦስተኛው ላይ ሌላኛው እጇም ወጣ።

"አባዬ፣ ተኮስከው?"

"ተኮስኩት ልጄ። ወላሂ አላወቅኩም። ይቅር በይኝ።"

"ፊደል ይተኮሳል እንዴ!" አለች፤ ልክ እንደ እናቷ አድርጋ ተቆጣችው። ከሊፋ በሕይወቱ እንደዚህ ያስደሰተው ቁጣ ሰምቶ አያውቅም፤ እየሳቀ እያለቀሰ "አይተኮስም፣ አይተኮስም" ይላል። መምህሩም ጽሑፉን እንደ አዲስ እንደሚወጉት፣ እሱ ደግሞ መልሶ እንደሚሰፋው ነገሩት። "ካውያው ግን ሞጣ ይቅርልን" ብለው ጨመሩ።

ከሊፋ ስልኩን አውጥቶ ለዓሊማ ደወለ፤ ስታነሣው ግን ቃል አልወጣው አለ። "ምን ሆናችሁ? ተናገር እንጂ!" እያለች ትጮኻለች። ሲሃም ስልኩን ነጥቃ ሀኒያ አፍ አጠገብ ያዘችው። ሀኒያ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘረጋችና አሁን ሳትቆም አነበበችው።

"አባትሽ መጽሐፉን ተኮሰው። ጣትሽ ደህና ነው።"

ከዚያ ዓሊማ በቀስታ "ማነው የሚያነበው?" አለች።

"እኔ ነኝ እማዬ" አለች ሀኒያ። "ትንንሾቹ ተመልሰዋል።"