የኡቡካታ ዓይን

ቺሆ የመጨረሻዋን ኳስ ከመስመር ውጭ ሰደደችና ጨዋታው አለቀ። ሽማግሌው ኡቡካታ ከወንበራቸው ቀና ያሉት በዚህ ጊዜ ነበር።

በጃፓኗ ኩሩሜ ከተማ የቴኒስ ሜዳ ዳር የሚውል ወላጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ኡቡካታ ልጆችን የሚመዝኑት ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። ሰው ሠራሹ ሣር ላይ የተነሰነሰው አሸዋ በሩጫ ይበታተናልና፣ ተጫዋቾቹ ከመውጣታቸው በፊት ሰፋፊ መጥረጊያዎችን በገመድ እየጎተቱ ሜዳውን አስተካክለው ለቀጣዮቹ ያስረክባሉ። ከብዙ ዓመት በፊት ኡቡካታ ማንም ዞር ብሎ ያላያትን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ «ይህች ትደርሳለች» ብለው ነበር፤ ደረሰችም፤ ከዓለም አሥር ምርጦች አንዷ ሆነች። ጋዜጠኛ መጥቶ እንዴት እንዳወቁ ሲጠይቃቸው፣ «ተሸንፋ ሜዳውን ስትጠርግ አየኋት፤ አንድ ጥግ አላስቀረችም» አሉት። በዚያው ዓመት ይደርሳሉ ያሏቸው ሌሎች ልጆች የት እንደገቡ ጋዜጠኛው አልጠየቀም፣ እሳቸውም አላነሱም። ንግግራቸው ግን በመላው የኪዩሹ ደሴት ተዛመተ፤ እያደር ራሳቸውም አመኑት።

የዘንድሮው ጉዳይ ቀላል አልነበረም። የአካባቢው ፌዴሬሽን አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መርጦ ስፔን ወዳለ ማሠልጠኛ ሊልክ ነው። ቦታው የአንዲት ልጅ ብቻ ነው። «የነገዋ የዓለም ቁጥር አንድ ማን ናት?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚሰማው ማታ በኮሚቴው ስብሰባ፣ ከኡቡካታ አፍ ነው። ለዚያ ቦታ የቀሩት ደግሞ አሁን የተጫወቱት ሁለቱ ልጆች ናቸው።

አሸናፊዋ ሪንካ መጥረጊያዋን ስትጎትት ለዓይን ደስ ትል ነበር። ጥጎቹን ሁሉ አዳረሰች፤ የመረቡን ምሰሶ ሁለቴ ዞረችው። ቺሆ ግን የራሷን ወገን ግማሹን እንደጠረገች ቀና አለች፤ ገመዱን ከእጇ ለቀቀች፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

«በቃ» አሉ ኡቡካታ በልባቸው። «እንዲህ ያለ ልብ የትም አይደርስም።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ኮዙማ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ። «አዩልን፣ መምህር?»

«አየሁ።»

«እንግዲህ ማታ ያበስሩናል።»

ኡቡካታ ትኩስ ሻይ ሊገዙ ከልብስ መቀየሪያው ጀርባ ወዳለው የመጠጥ መሸጫ ማሽን ሄዱ። የሻይ ጣሳውን አንስተው ቀና ሲሉ ከማሽኑ ወዲያ የሁለት ሴቶች ድምፅ ሰሙ። አንደኛዋ የሪንካ እናት ነበረች።

«ምሰሶውንማ እንዴት አድርጋ ዞረችው! አንቺ ነሽ ያልሻት?»

«እኔ እንጂ! ስንት ወር ጓሮ ስናለማምዳት ከረምን መሰለሽ። ባለቤቴ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ኡቡካታን ይሆናል፣ እሷ ፊቱ ትጠርጋለች።»

«እንቅልፋቸውንም ይሠራዋል?»

«እሱንማ ተክኖበታል! ጨዋታው ሲጦዝ አገጩን ደረቱ ላይ ጣል ያደርግና፣ መጥረጊያው ኮሽ ሲል ብንን!»

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

«ኧረ ተይ፣ ሽማግሌ ናቸው፤ ነውር ነው።»

«እኔ ምን አልኩ? ይተኙ እንጂ! ብቻ የመንቂያ ሰዓታቸውን አይሳቱብን።»

ኡቡካታ ጣሳው መዳፋቸውን እያቃጠለ ባሉበት ቆሙ። እንዳይወጡ ሴቶቹ ያዩዋቸዋል፤ እንዳይቆዩ ሌላም ሊሰሙ ነው። እስከ ጆሯቸው ድረስ ጋሉ። ውሸት ነው ብለው ለራሳቸው ሊከራከሩ ፈለጉና የቺሆን ሰርቪስ፣ የመክፈቻ ምቷን፣ ለማስታወስ ሞከሩ። ኳሷን ወደ ላይ አርቃ ነው የምትወረውራት ወይስ አቅርባ? ስትጨነቅ ወደ መረቡ ትጠጋለች ወይስ ታፈገፍጋለች? ምንም የለም። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምቶች ትዝ አሏቸው፤ ቀጥሎ ፀሐይ ጉልበታቸው ላይ ሞቅ ማለቷ፤ ቀጥሎ ጭብጨባ። ይኸው ነበር ያዩት። በዚህ ነበር ልጅቷን የትም አትደርስም ያሏት።

ሴቶቹ ሲሄዱ ሻዩን ሳይከፍቱ ወደ መኪና ማቆሚያው ወረዱ። የቺሆ አባት ኩዋሃታ እንጆሪ አምራች ነው፤ የልጁን ቦርሳ በአነስተኛ የጭነት መኪናው ላይ እየጫነ ነበር። ሲያያቸው ደንግጦ እስከ ወገቡ አጎነበሰ፤ በአንድ እጁም የልጁን ጭንቅላት ወደ ታች ገፋ።

«መምህር፣ አፈርኩ! ሜዳውን እንዲያ ጥላው ስትወጣ የምገባበት ነው የጠፋኝ። ቤት ስንገባ እኔና እሷ…»

«ተው፣ ተው፣ አትቆጣት። አንቺ ልጅ፣ ግን ለምን ተውሽው?»

ቺሆ ጫማዋን ታይ ነበር።

«ይጠይቁሽ የለም እንዴ? ተናገሪ!» አለ አባትየው።

«ሌላ ጊዜ ሁልጊዜ እጠርጋለሁ» አለች። «ዛሬ አሠልጣኜ፣ ‹መምህር ስለሚያዩሽ አሳምረሽ ጥረጊ› አለኝ። ግማሽ ላይ ቀና ስል እውነትም እኔን እያዩ ነበር። አፈርኩ። ከዚያ እጄ እንቢ አለኝ።»

ልጅቷ ሌላም የታመቀ ነገር ነበረባት፤ አሁን ቀና ብላ በዓይኗ ያዘቻቸው።

«መምህር፣ አምስት ለአምስት ላይ በግራዬ በኩል በመስመሩ የመታኋት ኳስ፣ ልክ ነበርኩ? አሠልጣኜ ‹ወደ ቀኝ ማሻገር ነበረብሽ› አለኝ። ሪንካ ግን ወደዚያው አጋድላ ነበር። እርስዎስ ምን ይላሉ?»

አፋቸው የስንት ዓመት ልማድ አለው፤ ሳያስፈቅዳቸው ሥራውን ሠራ። «ግሩም ምት ነበረች» አሉ። «ሪንካ ቆማ ነው ያየቻት።»

ቺሆ ግራ ተጋባች። «መረብ ላይ ነው እኮ የቀረችው፣ መምህር።»

እየተሳለቀች አልነበረም። ትልቅ ሰው ሲሳሳት በቀስታ እንደሚያርሙት ነበር ያረመቻቸው።

«ቺሆ!» አለ አባቷ ፊቱ ቀልቶ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሮ ፈጠን ፈጠን እያለ፣ «ፀሐይዋ በእርስዎ በኩል ነበረች። ከዚያ ወንበር እንኳን ኳስ መረቡም አይታይ» አላቸው።

ኡቡካታ በእሺታ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። የተሰጣቸውን ሰበብ ተቀበሉ፣ ከዚያም ከልጅቷ ዓይን ሸሽተው ሄዱ።

ማታ ኮሚቴው እዚያው ሜዳው ግቢ ውስጥ ባለው አዳራሽ ረጅሙን ጠረጴዛ ከቦ የየራሱን የራት ሣጥን ከፈተ። ኡቡካታ ሩዛቸውን አልነኩትም። የቺሆ ስም ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ቃል ቢተነፍሱ ልጅቷ ትሄዳለች፤ እሳቸውም ትንሽ ይቀላቸዋል። ግን ያም ያላዩትን ልጅ መጥራት ነው፤ የሪንካስ እጅ በልምምድ የተላጠው በከንቱ ሊሆን ነው? ደጋግመው አወጡ አወረዱ፤ የሚጨበጥ ነገር አላገኙም።

«እንግዲህ መምህር» አለ ኮዙማ የመብያ እንጨቶቹን አስቀምጦ። «ማናት?»

«ስም የለኝም። ጨዋታውን አላየሁትም። ተኝቼ ነበር።»

ጠረጴዛው ዙሪያ ሳቅ ሆነ። «አይ መምህር! ትሕትናዎን መቼም እንደለመድነው!»

«ትሕትና አይደለም» አሉ ድምፃቸው እየሰለለ። «ዛሬ ብቻም አይደለም። ኳሱን ማየት ከተውኩ ቆይቻለሁ። መጥረጊያ ሳይ ነው የኖርኩት። መጥረጊያውንም ልጆቹ ለእኔ ብለው ነው የሚጎትቱት።»

ሳቁ ቆመ። አንዱ ሳል ሳል ብሎ ሣጥኑ ውስጥ ዓይኑን ተከለ።

«ነገ አንዴ እናጫውታቸው» ብለው ለመኑ ኡቡካታ። «ቆሜ አያለሁ። ወንበርም አልፈልግ።»

«ስሙ ዛሬ ነው የሚላከው፣ መምህር» አለ ኮዙማ በዝግታ። «እንግዲያው ዛሬ ባሸነፈችው ይሁን። ሪንካ። የሚቃወም አለ?»

የተቃወመ አልነበረም። የተቆጣቸውም አልነበረም። ኮዙማ ጎንበስ ብሎ ሻያቸውን ሞላላቸው፤ ኮሚቴውም ስለ ጉዞው ቀን ማውራት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ማንም «እርስዎስ?» አላላቸውም።

ኡቡካታ ሲወጡ ኩዋሃታና ልጁ ገና ከመኪና ማቆሚያው አልሄዱም ነበር። አባትየው ኮሚቴውን ስለ ሜዳው ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጠብቅ ነው ያመሸው።

«ሪንካ ነች የተመረጠችው» አሉ ኡቡካታ፣ ሳይጠየቁ።

«ስለ ልፋትዎ እናመሰግናለን» አለ ኩዋሃታ አጎንብሶ።

«ስለምትበልጠኝ ነው?» አለች ቺሆ።

«አላውቅም።»

«ታዲያ ማን ያውቃል?»

«ማንም። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አላየሁሽም፣ ልጄ። ያቺን ምትሽንም አላየኋትም፤ ዋሸሁሽ።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። «እሺ» አለችና ወደ መኪናው ወጣች።

ኩዋሃታ ሞተሩን አስነሳ። በአገሩ ልማድ ሸኚ ተሸኚው ከዓይኑ ሳይርቅ ጀርባ አይሰጥምና ኡቡካታ ባሉበት ቆሙ። መኪናዋ ግን ግቢው በር ላይ ስትደርስ የትራፊክ መብራቱ ቀይ ሆነባት። ኩዋሃታ መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን አውጥቶ እጅ ነሳ። ኡቡካታም አጎነበሱ። መብራቱ አልተለወጠም። ኩዋሃታ የሚያደርገው ጠፍቶት ደግሞ እጅ ነሳ፤ እሳቸውም ደግመው አጎነበሱ። ቺሆ ወደ ፊት፣ ወደ መንገዱ እያየች ነበር። ቀና ሲሉ መብራቱ አሁንም ቀይ ነው፤ ኩዋሃታም እንደገና አንገቱን ሊያወጣ እየተዘጋጀ ነበር።