ማርግሪት ያሻገረቻቸው

እኔ ሮላንድ የደብራችንን የክርስትናና የጋብቻ መዝገብ ስጠብቅ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። እንደ ሙሴ (አቶ እንደማለት ነው) ኦቪላ ላቱሊፕ ያንገበገበኝ ሰው ግን የለም። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅም ወንድምም የላቸውም። «የላቱሊፕ ዘር በእኔ ሊያበቃ ነው» እያሉ በየማክሰኞው እየመጡ ትውልድ ሲያስቆጥሩኝ ይውላሉ። ጆሴፍ ላቱሊፕ የተባለው ቅድመ አያት ጋ ስንደርስ ሐረጉ ብጥስ! ልጆቹን አግኝተናል፤ የአባቱ ስም የሚገኝበት የሠርጉ ጽሑፍ ግን የለም።

«ላቱሊፕ የዘመቻ ስም ቢሆንስ?» አልኳቸው አንድ ቀን። ድሮ ከፈረንሳይ ወደዚህ አገር ለመጣ ወታደር አለቃው ስም ያወጣለት ነበር፤ ከልጆቹ ግማሹ የቤተሰቡን፣ ግማሹ የዘመቻውን ስም ይዞ ቀረ። ላቱሊፕ ማለት የቱሊፕ አበባ ነው፤ የአበባ ስም ደግሞ ለወታደር ማላገጫ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ጭራሽ አበዱ። «አባቴ ከላቱሊፕ በቀር ስም የለንም ብሎኛል! በሰው ስም ውስጥ እንዳትፈልጊኝ!»

ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ኦኖሬ ሞርኖ ይኖራል። በየነሐሴው ሞርኖዎች መቶ ስልሳ ሆነው እሱ ግቢ ይሰበሰባሉ፤ ድንኳን ይተከላል፣ በቆሎ በበርሜል ይቀቀላል፣ ቫዮሊን ይመታል። ሙሴ ኦቪላ በረንዳቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ያያሉ።

«ኦቪላ!» ይላል ኦኖሬ። «አንተ ከአበባ ማሰሮ ነው አይደል የበቀልከው?»

«ካንተ ዘር ከመወለድ ከማሰሮ መብቀል ይሻላል!»

ሰው ይስቃል። ድንኳኑ ሲነሳ ግን ባዶውን ግቢ ሲያዩ አንጀቴን ይበሉት ነበር።

ዘንድሮ ዓይናቸውን ሞራ ያዘው። «የጆሴፍን አባት ስም ሳላነብ ሊጨልምብኝ ነው» አሉኝ። በቃ፣ ትእዛዛቸውን ጣስኩ። ጆሴፍን ትቼ በልጆቹ ክርስትና ላይ ስሟ የተጻፈውን ሚስቱን ፈለግኩ! መዝገባችን ሴትን ብታገባም ብትወልድም በአባቷ ቤት ስም ነው የሚጽፋት፤ ባሏ ስም ቢቀያይር እሷ ንቅንቅ አትልም። ማርግሪት ፔንሶኖን ከጋብቻ መዝገቡ ላይ አገኘኋት። ከጎኗ ሙሽራው «ጆሴፍ ሞርኖ፣ ላቱሊፕ የሚባለው» ተብሎ ተጽፏል። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ሞርኖዎች በተሰበሰቡበት የነሐሴ ቅዳሜ ጠዋት ጽሑፉን በትልልቁ ገልብጬ በረንዳቸው ድረስ ወሰድኩላቸው። በማጉያ መነጽር ሦስቴ አነበቡት።

«ሌላ ሞርኖ ይሆናል።»

«የለም። ኦኖሬ የዘር ሐረጉ ላይ ‹የት እንደገባ አይታወቅም› ብሎ የጻፈው ጆሴፍ ነው። በሁለቱም ላይ የተጻፉት አባትና እናቱ አንድ ናቸው።»

«ለዚያ አፈ ሰፊ እንዳትነግሪው!»

«ነገርኩት እኮ።»

ሊሰድቡኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ኦኖሬ ባርኔጣውን አውልቆ መንገዱን ሲሻገር አየን። ቫዮሊኑ ቆመ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ እኛ ዞሯል።

«የጠፋው ዘመዳችን አርባ ዓመት ሙሉ እዚህ ተቀምጦ ሲሰድበኝ ኖሯል እንዴ?» አለ ኦኖሬ።

«መጀመሪያ ስለ ማሰሮው ይቅርታ ጠይቅ።»

«ይቅርታ። በል ና፣ በቆሎው ቀዘቀዘ።»

ሙሴ ኦቪላ ተነሱ። ክንዴን ያዙ። መንገዱ መሃል ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ሮላንድ፣ ስንት ናቸው አልሽኝ?»

«መቶ ስልሳ።»

«መቶ ስልሳ አንድ» አሉና ክንዴን ለቀው ብቻቸውን ተሻገሩ።