ሽማግሌ ቆሞ፣ ራውተር ጠፍቶ

የወይዘሮ ዝናሽ ግቢ ቁስቋም ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ወረድ ብሎ ነው። እኔ ጓሮ ያለችውን አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። አልጋዬን ከግድግዳው ጋር ያስጠጋሁት ለሙቀት ብዬ አይደለም፤ የዋናው ቤት ዋይፋይ በዚያ በኩል ደህና ስለሚይዝ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ስለምሠራ ወይዘሮ ዝናሽ ገመድ ላለው ነገር ሁሉ ሊቅ አድርገው ይቆጥሩኛል። ሪሞት እምቢ ሲል እኔ፣ ቆጣሪ ሲጮህ እኔ። «አላውቅም» ብያቸው አላውቅም። ዝም ብዬ እነካካለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ራሱ ይሉኝታ ይዞት ይሠራል።

የቅበላ እሁድ ረፋድ ላይ ተጋድሜ ጣሪያ ሳይ «አንዱዓለም! ኧረ አንዱዓለም፣ ድረስልኝ!» ሲሉ ሰማሁ።

በዚያ ቀን ሽማግሌ እንደሚመጣ ግቢው ሁሉ ያውቃል። የወይዘሮ ዝናሽ ልጅ ፀደንያ፣ መዝሙር ከሚባል ነርስ ጋር ከተዋደዱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አሁን እሱ አዲ አርቃይ ተመድቧል፤ ከፋሲካ በኋላ ይሄዳል። ዛሬ እሺ ከተባለ ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ይደርስና አብረው ይሄዳሉ። ዛሬ ካልተባለ ግን ነገ ሁዳዴ ይገባል፣ አባቷንም ማግኘት ዘበት ነው። አባቷ አቶ ሙሉሰው የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ጅቡቲ ወደብ ጭነት ሲጠብቁ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው፣ በዚያ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ጭነው ሊነሱ ነው። የሚገኙት ሾፌሮች በሚያርፉበት ሻይ ቤት ዋይፋይ፣ በኢሞ የቪዲዮ ጥሪ ብቻ ነው። በእኛ በኩል ደግሞ የስልክ ዳታ በዚያ ሰሞን አይሠራም። ስለዚህ የፀደንያ ዕጣ የተንጠለጠለው የወይዘሮ ዝናሽ ቡፌ ላይ በተቀመጠች አንዲት ነጭ ራውተር ላይ ነበር።

ስገባ ሦስት ሽማግሌዎች ተሰልፈው ቆመዋል። አፈ ጉባኤው መሪጌታ ሰውአገኝ፣ አጠገባቸው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ያሕያ፣ ጫፍ ላይ ከአይከል የመጡት የመዝሙር አጎት አያ ሰጠኝ። ወንበር ሞልቷል፤ ግን ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ ተቀመጡ ብሎ መጋበዝም ልጅ ሰጠሁ ማለት ነው። ቡፌው ላይ ከስኳር ዕቃው የተደገፈው ስልክ ውስጥ አቶ ሙሉሰው አፋቸውን ገርበብ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ደርቀዋል።

«‹እንግዲህ እኔ› ብሎ ቀጥ አለ» አሉኝ ወይዘሮ ዝናሽ፣ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው።

«አፉን እዩት» አሉ ጋሽ ያሕያ። «ይህ የእሺ አፍ ነው። አርባ ዓመት ነግጃለሁ፣ እሺ ሊል ያለ ሰው አውቃለሁ።»

«ዓይኑን ተመልከት እንጂ» አሉ መሪጌታ። «የእምቢ ዓይን ነው።»

ራውተሯ ዳንቴል ለብሳለች። ከዳንቴሉ በላይ ወፍራም የሱፍ ባርኔጣ ተጭኗል። ሳነሳው ከሥሩ እንደ ትኩስ ድንች ፋመች።

«ይህ ባርኔጣ የማን ነው?»

«የኔ ነው፤ ምነው?» አሉ አያ ሰጠኝ። «ታዲያ ባርኔጣ ደፍቼ ሰው ቤት ልግባ?»

«ግላ ነው የቆመችው። አጥፍተን እናሳርፋት» ብዬ ከሶኬቱ ነቀልኳት።

ሁለት ደቂቃ ሁላችንም እንደ ሕመምተኛ ከበብናት። መልሼ ስሰካት መብራቶቹ አንድ በአንድ በሩ፤ የኢንተርኔቱ ብቻ ቀረ። ከመጋረጃው በኩል የፀደንያን ትንፋሽ እሰማለሁ። ከራውተሯ ኋላ አንዲት ቀዳዳ አለች፣ በመርፌ ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ወይዘሮ ዝናሽ መጋረጃው ላይ የሰኩትን መርፌ ነቅለው ሰጡኝ። ጫን አደረግሁ።

ነካ አድርጎ መልቀቅ ነበር። ግን መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ሲሉ ማታ ከመኪና መስኮት ሩቅ ጋራ ላይ የሚታዩ ቤቶችን መሰሉኝ። በየቤቱ ማን ይኖር ይሆን አልኩ። ደግሞ ያ የተቆረጠው የአቶ ሙሉሰው ቃል አሁን የት ደርሶ ይሆን፤ በረሃው ላይ ብቻውን ቆሞ የሚወስደውን እየጠበቀ ይሆን እያልኩ ስሄድ፣ ስሄድ፣ መብራቶቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ድርግም አሉ። መርፌውን ገና ተጭኜ ይዣለሁ።

ተመልሳ ስትበራ ስልኩ ላይ «የሙሉሰው ቤት» የሚለው የዋይፋይ ስም የለም። በቦታው ማንም የማያውቀው የፊደልና የቁጥር ክምር ተደርድሯል። ራውተሯ ከፋብሪካ እንደወጣችበት ቀን ሆናለች። ወይዘሮ ዝናሽን አታውቅ፣ አቶ ሙሉሰውን አታውቅ፣ ዓመት ሙሉ በነጻ የተገለገልኩባትን እኔን እንኳ አታውቅ።

«ምን ሆነች?» አሉ ወይዘሮ ዝናሽ።

«ሁሉንም ረሳችው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«መርሳትስ ደግ ነበር» አሉ መሪጌታ፣ «ቀኑን ባትመርጥ።»

መጋረጃው ተከፈተና ፀደንያ ብቅ አለች። ሙሽራ ሽማግሌ ፊት እንደማትወጣ ረስታዋለች። «አንዱዓለም፣ በናትህ! አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል እኮ!» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እኔ ደግሞ ሰው ዓይን ማየት አልወድም፤ ያን ቀን ግን አየሁት፣ መሬት ብትከፈት በወደድኩ።

የቀረው አንድ መንገድ ነው። መስመሩ ሲገባ የተሰጠውን ዩዘርኔምና ፓስወርድ እንደገና መሙላት። ወረቀቱ ከአቶ ሙሉሰው ቦርሳ ጋር ጅቡቲ ነው። የእርዳታ መስመሩን ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግሁት። «ወረፋ ላይ ነዎት» ብሎ ሙዚቃ ለቀቀብን። ክራር ነው፣ ደስ ይላል፤ ግን አራተኛ ጊዜ ሲደገም ጋሽ ያሕያ በሹክሹክታ «እስክስታ እንውረድ እንዴ?» አሉ።

አያ ሰጠኝ አልሳቁም። ቀኝ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። በምርኩዛቸው ደገፉት፤ ምርኩዙም አብሮ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወይዘሮ ዝናሽ ጉልበቱን አዩ፣ ስልኩን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

«ኧረ እኔ አፈር ልሁን! ተቀመጡ!» አሉ።

ክራሩ ብቻ ቀረ። መሪጌታ ቀና አሉ። ጋሽ ያሕያ አንድ ጣታቸውን አንስተው፣ «ወይዘሮ ዝናሽ፣ አሁን ያሉትን ልብ ብለውታል?» አሉ።

አያ ሰጠኝ ግን አልጠየቁም። «ኡፎይ!» ብለው ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። «እኔ ሰምቻለሁ። የሰማ ይቀመጣል።»

ወይዘሮ ዝናሽ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ። «ተቀመጡ ብያለሁ፤ ደግሜ አልልም» አሉ። ሁለቱም ተቀመጡ። ፀደንያ መጋረጃውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ጉዳዩ ያበቃ ይመስላል፣ ግን አላበቃም። ያለ አባት ቃል የተቀመጠ ሽማግሌ አባት ሲሰማ ሊነሣ ይችላል።

ይህን ጊዜ ነው «እንደምን አረፈዱ፣ ምን ልርዳዎ?» የሚል የሴት ድምፅ የመጣው። ልጅቱ ትዕግሥቷ የሚገርም ነበር። ወይዘሮ ዝናሽ የመስመሩን ቁጥርና የባለቤታቸውን ስም እስከ አያት ነገሯት። እያንዳንዷን ፊደል ደግማ ደጋግማ ነገረችኝ፤ እኔም ቡፌው ላይ ያለውን ስልክ ከአዲሱ ዋይፋይ ጋር አያይዤ ሞላሁ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ሲቀር የኢንተርኔቱ መብራት አረንጓዴ ሆነ፣ ስልኩም ወዲያው ጮኸ።

አቶ ሙሉሰው ላብ በላብ ሆነዋል፣ ከኋላቸው ጥሩምባ ይጮሃል። «ሃሎ! የት ጠፋችሁ? እንግዲህ እኔ…» አሉና ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። «ቆይ፣ ቆይ። ማን አስቀመጣቸው?»

«እኔ» አሉ ወይዘሮ ዝናሽ።

«አንቺ? ዝናሽ፣ ሽማግሌ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው?»

«አልጠፋኝም። ያንተን ሽማግሌዎች አባቴ ሦስት ጊዜ እንደቆሙ ሲመልሳቸው እኔ ጓዳ ሆኜ አለቅስ ነበር። ልጅህ ደግሞ እዚህ መጋረጃ ሥር እያለቀሰች ነው።»

አቶ ሙሉሰው እንደ ቅድሙ አፋቸውን ገርበብ አድርገው ቀሩ። የተቋረጠ መስሎኝ ራውተሯን አየሁ፤ አረንጓዴ ናት። «እኔ ልጁን ጠልቼው አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ጊዜ ብቻ መልሻቸው ከፋሲካ በኋላ ኑ ልል ነበር። ወግ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ተመልሼ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልመልስ ልጄን ልስጥ? ሾፌሩ ሁሉ ምን ይለኛል?»

ጋሽ ያሕያ ከወንበራቸው ዘለሉ። «መልሰኸናል እንጂ፣ ወንድሜ! አንተ ስትጠፋ እኛ ያለ መልስ ቀረን፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመን እንደገና ፊትህ ቀረብን። ይህ አንድ ምልልስ ካልሆነ ምንድን ነው? መሪጌታ፣ አይቆጠርም?»

መሪጌታ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። «ይቆጠራል» አሉ። «በእግር ካልሆነ የሚል አላነበብኩም።»

«ከፈለግህ ባርኔጣዬን እዚያች ዕቃ ላይ እመልሰውና ሁለተኛ ትመልሰናለህ» አሉ አያ ሰጠኝ። «እኔ ግን ከዚህ ሶፋ አልነሣም፤ ሸጋ ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት ከአቶ ሙሉሰው ኋላ የቆሙት ሾፌሮች ናቸው። ከዚያ እሳቸውም ሳቁ፣ በፎጣቸው ፊታቸውን ጠረጉ፤ ላብ ይሁን ሌላ ነገር በስልክ አይለይም። «በሉ ተመልሳችሁ መጥታችኋል» አሉ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። መሪጌታ፣ ቶሎ ይመርቁን፣ ማኪናዬ መንገድ ዘግቷል።»

እልልታው ሲቀልጥ መሪጌታ ምርቃታቸውን በግዕዝ ጀምረው ነበር፤ ማንም አልሰማቸውም። ፀደንያ ስልኳን ይዛ ወደኔ ሮጠች።

«ለመዝሙር ልደውልለት ነው! አዲሱ ፓስወርድ ምንድን ነው?»

አሥራ ስድስት ፊደልና ቁጥር ነው፣ ራውተሯ ሆድ ላይ የተጻፈ። እናቷ እልል ሲሉ ጆሮዋ ላይ እየጮህኩ አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። ሦስተኛውን እኔ ስልኩን ተቀብዬ ልጽፍ ስል እጄን መታችው።

«አንተ እንዳትነካ! እኔው እጽፈዋለሁ። ከመጀመሪያው በል።»

ከመጀመሪያው አልኩ።