የዋርካ በር የገበያ ቀን

ቢሯችን ለቡ ውስጥ፣ ሊፍቱ ከተበላሸ የቆየ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ማኅበራችን አርባ አንድ ትንንሽ ከተሞችን በአባልነት ይዟል፤ ሥራችን ማዘጋጃ ቤቶቻቸውን ማገዝ ነው። እኔ ክብረት ደግሞ የደንብ ባለሙያ ነኝ፤ ከተሞቹ እንደየሁኔታቸው ሞልተው እንዲያጸድቁት ናሙና ደንብ እጽፋለሁ። እውነቱን ለመናገር ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት አልወድም፤ ያልተላጨ ፊት ይመስለኛል።

ስለዚህ የካቲት ላይ የገበያውን ደንብ ሳዘጋጅ፣ ለገበያ ቀን የተተወው ነጠብጣብ ዐይኔን ሲወጋኝ «ቅዳሜ» ብዬ ሞላሁት። በየገጹ ላይ የተጋደመውን «ናሙና» የሚል ጽሑፍም ኅትመቱን አበላሸብኝ ብዬ አጠፋሁት። ከዚያ ማኅተም አስመትቼ ለአርባ አንዱም ላክሁ።

ከሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ዋርካ በር ናት። የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ከድር በሁለት ሳምንት ውስጥ በምክር ቤት አስወስነው ቃለ ጉባኤውን ላኩልን። ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ትሩፋት በጣም ደስ ብሏቸው፣ በሰኔው ዓመታዊ ጉባኤ ለአቶ ከድር የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት አሠሩ።

ጉባኤው አንድ ሳምንት ሲቀረው አቶ ከድር ደወሉ።

«አቶ ክብረት፣ የጸደቀ ደንብ ይስተካከላል?»

«ምኑ?»

«ቀኑ። የእኛ ገበያ ከአባቶቻችን ጀምሮ ረቡዕ ነው። ቅዳሜ የጎረቤታችን ነው፤ ነጋዴው ሁሉ እዚያ ነው የሚሄደው። አሁን ረቡዕ የመጣውን በደንቡ መሠረት እንመልሳለን፣ ቅዳሜ ደግሞ የሚመጣ የለም። ሜዳው የፍየል መዋያ ሆነ። ሰዉ ተማሯል፤ ከጉባኤው ማግስት ምክር ቤቱ እኔን ሊያነሳ ይሰበሰባል።»

«ታዲያ ሳያነቡ ነው እንዴ ያጸደቁት?» ብዬ ጮኽሁባቸው። ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«ኧረ አንብቤዋለሁ። ማኅተም ስላለበት ከላይ የታዘዘ መስሎኝ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ የላክሁትን ቅጂ ፈለግሁ። የመጀመሪያውን ገጽ አየሁ፣ የመጨረሻውን አየሁ። «ናሙና» የሚል ቃል የትም የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስሁትን ግን እየለቀሙ ያሉት አቶ ከድር ነበሩ። መልሼ ደውዬ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኋቸው፤ ለወይዘሮ ትሩፋት ለመናገር ግን አልደፈርሁም።

ለጉባኤው ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አዳራሽ ተከራይተን ነበር። ግማሹ ተሳታፊ የጀሞ መንገድ ተዘግቶበት አርፍዷል። አቶ ከድርን በሩ ላይ አገኘኋቸው፤ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ቆልፈዋል።

«ስህተቱ ከእኛ እንደመጣ ለምን ለምክር ቤቱ አልተናገሩም?» አልኋቸው።

«ብናገርማ ነገ የምትልኩትን የውኃውን ደንብ ማን ይቀበለኛል?» አሉኝ። «እኔ ብነሳ ሌላ ሰው ይመጣል። እናንተን ካላመኑ ግን ከተማዋ ብቻዋን ትቀራለች።»

አንጀቴን በሉት። እኔ የአንድ ገጽ ውበት ሲያስጨንቀኝ፣ እኚህ ሰው እንጀራቸውን ለእኔ ስም አስይዘዋል።

ወይዘሮ ትሩፋት «ደንቡን ቀድማ ያጸደቀች ከተማ!» ብለው ሲጠሩ ጭብጨባው ቀለጠ። አቶ ከድር እንደ ተከሳሽ አቀርቅረው ወደ መድረኩ ወጡ። የመጣው ይምጣ ብዬ ማይኩን ያዝሁ።

«ቅዳሜ ያልሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ናሙና የሚለውንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የዋርካ በር ሰዎች ያመኑን ጥፋታቸው አይደለም።»

ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። «የእኛም ሰኞ ነበር» አለች። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ፣ ቀጥሎ ሌላ። ሰባት እጅ ቆጠርሁ። ሰባት ከተማ አንድም ቀን ሳይደውልልን ቅዳሜ ባዶ ሜዳ ሲጠብቅ ከርሟል።

ወይዘሮ ትሩፋት ፊታቸው ደም መሰለ። ከዚያ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የእርማቱን ደብዳቤ እኔ እፈርማለሁ። ይዘኸው የምትሄደው ግን አንተ ነህ።»

በማግስቱ ዋርካ በር ምክር ቤት ፊት ቆሜ ደብዳቤውን አነበብሁ። እጅ ወጣ፤ ገበያው ወደ ረቡዕ ተመለሰ፣ አቶ ከድርም በሥራቸው ላይ ቆዩ። እፎይ ብዬ ወረቀቴን ሳጥፍ፣ ከአግዳሚው ላይ ሀኒፋ የሚባሉ የቅቤ ነጋዴ ተነሡ። ሦስት ወር ሙሉ ቅቤያቸውን ተሸክመው እየተመለሱ የኖሩ እናት ናቸው።

«ልጄ፣ አልተቆጣሁም» አሉኝ። «ግን ከመጻፍህ በፊት፣ ገበያችሁ መቼ ነው ብለህ ብትጠይቀን ምን ነበረበት?»

እንባዬ መጣ።

«ይጠይቀናል፣ እትዬ ሀኒፋ» አሉ አቶ ከድር፣ በእኔ ፈንታ። «ከእንግዲህ ይጠይቀናል።»