ለሩፋኤል የተሳለች መኪና

ሕዝቅኤል መኪናዋን «እመት» ብሎ የሰየማት ገና ወረቀት ላይ ሳለች ነው። ክብ ክብ ዓይኖች፣ አጭር አፍንጫ፣ ጎበጥ ያለ ጣሪያ፤ ነፍሳቸውን ይማርና አባቱ ጋሽ አዘዘ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ሳሉ ይነዷት የነበረችውን አሮጌ ፊያት ሰይቼንቶ ቁርጥ። ሆዷ ግን ሌላ ነው፤ ቤንዚን የማታውቅ፣ በባትሪ የምትሄድ የዛሬ ልጅ። «ሰው አዲስ ነገር ይፈራል፤ የሚያውቀውን ፊት ካሳየኸው ግን ራሱ ይጠጋሃል» ይል ነበር። ለአስተማሪው፣ ለነርሷ፣ የባጃጅ ግፊያ ለሰለቸው የባሕር ዳር ሰው ሁሉ አቅሙ የሚችላትን ትንሽ መኪና መሥራት ነበር ሕልሙ። ሕልም ደግሞ አይከለከልም።

ከዓባይ ድልድይ ማዶ ባለች ጋራዥ ውስጥ አብሮት የሚሠራው ብሥራት ነው፤ ላሜራ እንደ ሊጥ የሚታዘዝለት ሰው። ከሐይቁ ዳር ጭቃ አምጥተው፣ በጭድ አቡክተው፣ መኪናዋን በቁመቷ ልክ ቀረጿት። ሕዝቅኤል እጁን በጭቃው ጀርባ ላይ እያስኬደ «እዚህ ጋ ትንሽ አበጠች» ሲል ብሥራት ይፍቃል፤ «ከሳች» ሲል ይለጥፋል። ጭቃው ሲያምርላቸው ላሜራውን በዚያ ልክ ቀጠቀጡት። የኋላ ጎኗን ብቻ ስንት ጊዜ እንዳፈረሱት እነሱም አያስታውሱም።

ሥራው ተጋምሶ ሳለ አንድ ቀን ባትሪው ፈነዳ። ሕዝቅኤል ደረቱና ሁለት እጁ ተቃጥሎ ሆስፒታል ገባ። ሐኪሞቹ አንገታቸውን ሲነቀንቁ ያየች እናቱ ወለተ ሩፋኤል ነጠላዋን አደግድጋ በክርስትና ስሟ ወደምትጠራበት መልአክ፣ ወደ ሩፋኤል ደጅ ሮጠች። እዚያ ምን እንዳለች ለማንም አልተናገረችም።

ልጇ ተረፈ። ጣቶቹ እንደ ድሮው ባይታጠፉም እመትን ጨረሳት። ሐሙሲት ከተማ ደርሳ ስትመለስ ባጃጆቹ ጥሩምባ እየነፉ አጀቧት። ወሬው አዲስ አበባ ላለ አንድ መኪና ገጣጣሚ ድርጅት ደረሰና «ከመስቀል በኋላ መጥተን እንነዳታለን፤ ከተስማማችን እዚያው ባሕር ዳር እናመርታታለን» የሚል መልስ መጣ። ብሥራት የቀረችለትን ሌላ ሥራ የተወው ያን ቀን ነው። ሁለተኛ እመት ለመሥራት ባትሪም አቅምም አልነበራቸውም፤ ያለችው አንዲቷ ናት።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ወለተ ሩፋኤል አልጋ ያዘች። እህል እንቢ አላት። ልጇን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«አንተ ተቃጥለህ የተኛህ ለት ተሳልሁ» አለችው።

«ምን ተሳልሽ፣ እማ?»

«ልጄን መልስልኝ እንጂ የሚሳሳላትን መኪና ለደጅህ አስገባለሁ አልሁት። ስታልቅ እነግርሃለሁ ስል ከረምሁ። ስታልቅ ደግሞ ፊትህ ሲበራ አየሁና አፌ ተያዘ። ይኸው አሁን መልአኩ በሕመሜ ጠየቀኝ።»

ሕዝቅኤል ተናደደ፤ መናደዱ ደግሞ አሳፈረው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የንስሐ አባቷ አባ ፍሬ ስብሐት ተጠርተው መጡ፤ ደግ ሰው ናቸውና መላ ፈለጉ። «ወለተ ሩፋኤል፣ በምትኩ ጃንጥላ ወይም መጋረጃ ብታስገቢ መልአኩ ይቀበልሻል» አሏት።

«አባ፣ ልጄን ሲመልስልኝ ምትኩን ነው እንዴ የሰጠኝ?»

አባ መስቀላቸውን አሳልመዋት ተነሡ። ሕዝቅኤልም «እሺ፣ እመት ትግባ» አለ።

ብሥራት ሲሰማ መዶሻውን ወረወረ። «ግማሿ የእኔ ክንድ ናት እኮ! ማንን አስፈቅደህ ነው የምትሰጣት?»

«እናቴ እየሞተች ነው፣ ብሥራት። ምን ልበላት?»

ብሥራት ንዴቱ ሲበርድለት መዶሻውን አነሣ። የስለት ዕቃ በንግሥ ቀን ለጨረታ ይቀርባል፤ ከወዳጅ ዘመድ ተበድረው መልሰው ሊገዟት ተስማሙ። እናት ስለቷን ታደርሳለች፣ መኪናዋ ቤቷ ትመለሳለች። መላው መላ ነበር፤ የረሱት የሰውን ልብ ነው።

ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዝናብ እየወረደ፣ እመት ከዐውደ ምሕረቱ ፊት ቆመች። ብሥራት ዋጋ ጠራ። የሐይቅ ዳር ሆቴል ባለቤቱ አቶ ክንዱ ጨመሩ። ብሥራት ጨመረ፤ እሳቸውም ጨመሩ። ሴቶቹ እልል ባሉ ቁጥር የአቶ ክንዱ ድምፅ ከፍ ይላል። ሕዝቡ ሁለቱ ለበረከት የሚሽቀዳደሙ መስሎት ያጨበጭባል። ሕዝቅኤል ሄዶ ጆሯቸው ላይ «እባክዎ ይተዉልን» ሊላቸው ፈለገ፤ ግን በዚያ ግቢ፣ በዚያ ቀን፣ ለመልአኩ የሚጨምርን ሰው በምን አፉ ቀንስ ይለዋል? ብሥራት የያዘው አለቀበት፤ ጨረታው ለአቶ ክንዱ ጸና። ዝናቡ በሕዝቅኤልና በብሥራት ፊት ላይ ይወርድ ነበርና ማን እንዳለቀሰ አልታወቀም።

መስቀል አለፈ። የአዲስ አበባዎቹ እንግዶች በሚመጡበት ዋዜማ ሕዝቅኤል ለአንድ ቀን ብቻ እንዲያውሱት ሊለምን ሆቴሉ ሄደ። እመት ጣና ዳር በሲሚንቶ መደብ ላይ ወጥታለች። ጎማዎቿ በሲሚንቶው ተቀብረዋል፣ ኮፈኗ ተከፍቶ አበባ ተተክሎበታል።

«ባትሪው እሳት ያስነሳል ሲሉኝ ፈራሁና ከነሞተሩ አስወጥቼ ለቁራሌው ሰጠሁት» አሉ አቶ ክንዱ፣ ያለ ተንኮል። «እንዲህ ያለች የጥንት ዕቃ መነዳት የለባትም፤ ትሰበራለች። ለሙሽሮች ፎቶ ግን አቻ የላትም!»

ሕዝቅኤል አዲስ ናት ሊላቸው አፉን ከፈተና ተወው። አሮጌ ያስመሰላት እሱ ራሱ ነው፤ ያንን ፊት ለማግኘት ነበር ጭቃውን ሲያስፍቅ የከረመው።

እንግዶቹ በማግስቱ መጡ። ዞሯት፣ ዳሰሷት፣ ፎቶ አነሷት። አለቃቸው የሕዝቅኤልን ትከሻ መታ አድርጎ «እጅህ ይባረክ፤ እኛ ግን የመጣነው የምትሄደውን ልናይ ነበር» አለው፤ ከዚያ ዓሣቸውን ሊበሉ ወደ ሆቴሉ ገቡ። ብሥራት መሣሪያዎቹን ሸክፎ ወደ እንፍራንዝ፣ ወደ ወንድሙ እርሻ ሄደ። አልተሰናበተውም።

ወለተ ሩፋኤል ግን ድና ተነሥታለች። ሕዝቅኤል ሲገባ በረንዳ ላይ ምስር ትለቅም ነበር፤ ጉንጯ ሞልቷል።

«ያቺ መኪናህስ?» አለችው ፈራ ተባ እያለች። «ከሰጠናት ወዲያ ሰው ትጠቅማለች?»

አጠገቧ ተቀመጠ። «ሙሽሮች ይቀመጡባታል፣ እማ።»

«ሙሽሮች!» ሰፌዱን አስቀምጣ በደከመ ጉሮሮዋ እልልታዋን አቀለጠችው። «አየህ፣ መልአኩ ሥራዋን ባረከላት! እንዲህ እንደ ሆነች ለዘላለም ያቆያት! አሜን በል እንጂ፣ ልጄ!»

«አሜን» አለ ሕዝቅኤል።